ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን፦ የአበበ ቢቂላ አሠልጣኝ የሕይወት ታሪክ

በየዓመቱ በዚህ ዓምድ ለትውልድ አካባቢያችን ወይም ለአገራችን ውለታ የዋለ አንድ ሰው እናስታውሳለን። ዘንድሮ የመረጥናቸው ሰው የአካባቢያችን ተወላጅ አይደሉም። ይሁን እንጂ ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በመንዲዳ አካባቢ፣ ጃቶ በተባለው ስፍራ የተወለደውን የአበበ ቢቂላን ስም ስናነሣ የእሳቸውም ስም አብሮ መነሣት ይኖርበታል። እኛ ዛሬ ልጆቻችንን በምናሳድግበት በስቶክሆልም አካባቢ አድገው፣ የሥራ ዘመናቸውን ትልቁን ክፍል በኢትዮጵያ ያሳለፉት ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ናቸው።

እዚህ ስዊድን የተወለዱ ልጆቻችን አበበ ቢቂላን በስም ያውቁታል። በባዶ እግሩ ሮጦ ሮም ላይ እንዳሸነፈም ሰምተዋል። አሠልጣኙ በእነሱው ቋንቋ የሚናገር፣ እነሱ በሚሳፈሩበት ባቡር መስመር አካባቢ ያደገ ሰው መሆኑን ግን ብዙዎቹ አያውቁም። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ አንደኛው ሐሳባችን ይህን ክፍተት መሙላት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከአንድ አሠልጣኝ ሕይወት ለልማት ማኅበራችን የሚሆን ትምህርት መቅሰም ነው።

ትውልድና እድገት

ኦኒ ኒስካነን የተወለዱት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 31 ቀን 1910 በፊንላንድ ነው። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 25 ቀን 1902 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ፊንላንድ በዚያን ጊዜ ገና በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበረች። ሕፃን ሳሉ ቤተሰባቸው ወደ ስዊድን ተሻግሮ ኑሮውን በስቶክሆልም አካባቢ መሠረተ። እሳቸውም እንደ ብዙዎቻችን ልጆች የስደተኛ ቤተሰብ ልጅ ነበሩ ማለት ነው፤ ቤት ውስጥ አንድ ቋንቋ፣ ውጭ ሌላ ቋንቋ።

ያደጉበት ዘመን በፊንላንድና በስዊድን ሩጫ ትልቅ ክብር የነበረው ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 የኦሊምፒክ ውድድር በስቶክሆልም ሲካሄድ ሐነስ ኮልህማይነን የተባለው ፊንላንዳዊ ሦስት የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቶ ነበር። ያ ውድድር የተደረገበት በቀይ ሸክላ የተሠራው ስታዲየም ዛሬም በቫልሃላቬገን ጎዳና ላይ ቆሟል፤ በምድር ባቡሩ ስታዲዮን ጣቢያ ወርዶ ማየት ይቻላል። ቀጥሎም ፓቮ ኑርሚ መጣ። በ1930ዎቹ ደግሞ ጎስታ ሆልሜር የተባለው ስዊድናዊ አሠልጣኝ ፋርትሌክ የሚባለውን የሥልጠና ዘዴ አስተዋወቀ። በጫካና በኮረብታ መንገድ አንዴ ፈጠን አንዴ ቀስ እያሉ የሚሮጡበት ይህ ዘዴ ዛሬ በእንጦጦና በሱሉልታ የሚሠለጥኑ ወጣቶች ሁሉ በስሙ የሚያውቁት ነው። ወጣቱ ኦኒ የአካል ማጎልመሻ ትምህርትን የሙጥኝ ያሉት እንዲህ ባለ አካባቢ ውስጥ ሆነው ነው።

ፊንላንድ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በጦርነት ላይ በነበረችበት ጊዜ ለትውልድ አገራቸው በፈቃደኝነት ተሰልፈው ተዋግተዋል። የወታደር ሥነ ሥርዓትና የስፖርት ዕውቀት አብረው የያዙ ሰው ስለነበሩም በኋላ ለሄዱበት ሥራ ሁለቱም ጠቀሟቸው።

ወደ ኢትዮጵያ

ኒስካነን ኢትዮጵያ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። አገሪቱ ከጣሊያን ወረራ ከተላቀቀች ገና አምስት ዓመቷ ነበር። የተማረው ወጣት ብዙው በወረራው ዘመን ተገድሏል፤ መምህርም፣ መኮንንም፣ ሐኪምም የሚፈለግበት ጊዜ ነበር።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያን ወቅት ወደ ስዊድን መመልከታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ስዊድን በአፍሪካ ቅኝ ግዛት አልነበራትም። ከጦርነቱ በፊት በቫይኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። የስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስም በኢትዮጵያ ሳለ በመልካ ዲዳ በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደብድቧል። ይህን የሚያስታውስ መንግሥት ከነጻነት በኋላ አየር ኃይሉን እንዲያደራጁ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንን፣ የክቡር ዘበኛ ዕጩ መኮንኖችን እንዲያሠለጥኑም ስዊድናውያን መኮንኖችን ጠራ። ኒስካነን የመጡት ከእነዚህ ጋር የአካል ማጎልመሻ አሠልጣኝ ሆነው ነው።

ሥራቸው በክቡር ዘበኛ ግቢ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በትምህርት ሚኒስቴርም የአካል ማጎልመሻ ትምህርት እንዲስፋፋ ሠርተዋል። በዚያ ዘመን ስፖርት በብዙ ትምህርት ቤቶች እንደ ጨዋታ እንጂ እንደ ትምህርት አይታይም ነበር። ሜዳ መለካት፣ የሩጫ መስመር ማስመር፣ ዳኛ ማሠልጠን፣ ሰዓት መያዝ፣ ውጤት መመዝገብ፤ ይህ ሁሉ ከመነሻው መሠራት ነበረበት። ታሪክ የሚያስታውሰው ሜዳሊያውን ነው፤ ሜዳሊያው ግን በዚህ ድካም ላይ የተገነባ ነው።

የመጀመሪያው ኦሊምፒክ

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ነው። የሄዱት 12 ስፖርተኞች ሲሆኑ የተወዳደሩትም በአትሌቲክስና በብስክሌት ነበር። ያለ ሜዳሊያ ተመለሱ። ከመካከላቸው ማሞ ወልዴ የሚባል ወጣት በ800ና በ1500 ሜትር ሮጦ በማጣሪያው ቀርቷል። ይህ ወጣት 12 ዓመት ቆይቶ የኦሊምፒክ ማራቶን ባለ ወርቅ እንደሚሆን ያን ቀን የገመተ ሰው አልነበረም።

ሜልቦርን ግን ያለ ጥቅም አልቀረም። የኢትዮጵያ ሯጮች ከዓለም ሯጮች ጎን ቆመው ምን እንደሚጎድላቸው የታየበት ነበር። ጉልበትና ትንፋሽ አልጎደላቸውም። የጎደላቸው የውድድር ልምድና በሰዓት የተለካ ዝግጅት ነበር። ለመካከለኛና ለአጭር ርቀት የሚያስፈልገው ፍጥነት ረጅም ዓመት ይፈልጋል፤ በረጅሙ ርቀት ግን የአገሪቱ ከፍታና የሕዝቡ የእግር ጉዞ ልማድ ራሱ ሥልጠና ነበር። የቀጣዮቹ አራት ዓመታት ሥራ ያተኮረው በዚህ ላይ ነው።

ከአበበ ጋር መገናኘት

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በጃቶ ተወለደ። እንደ አካባቢው ልጆች ከብት እየጠበቀ አደገ፤ ወጣት ሲሆን አዲስ አበባ ገብቶ በክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። በየቀኑ ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይመለስ እንደነበር ታሪኩ ይናገራል። በዚያን ጊዜ በጦር ኃይሎች ውድድር ስሙ የገነነው ዋሚ ቢራቱ ነበር፤ አበበም እ.ኤ.አ. በ1956 ከእሱ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጥቷል።

ኒስካነን ይህን ቀጠን ያለ፣ ንግግር የማያበዛ ወታደር አዩት። አበበ ሩጫን ከኒስካነን አልተማረም፤ ቀድሞም ይሮጥ ነበር። አሠልጣኙ የጨመሩለት ልክን ነው። አንድን ርቀት በስንት ደቂቃ እንደሚጨርስ፣ መቼ ጉልበቱን እንደሚቆጥብ፣ መቼ እንደሚለቀው፣ ከፈጣን ሩጫ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚያርፍ በሰዓትና በመዝገብ እየተከታተሉ አሳዩት። ረጅሙን የጎዳና ሩጫ ከአጭርና ፈጣን ድግግሞሽ ጋር አዋሐዱለት።

ውጤቱ ሩቅ አልነበረም። አበበ ወደ ሮም ከመሄዱ በፊት አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ማራቶን 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ሮጠ። ይህ የቼኮስሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነው፤ ያውም አየሩ በሚሳሳበት ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ። አሠልጣኙ ወደ ሮም የሄዱት የያዙትን ሰው እያወቁ ነው። ሌላው ዓለም ግን አላወቀም ነበር።

ሮም፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ

የሮም ማራቶን የተደረገው እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። ሙቀቱን ለመሸሽ ውድድሩ የተጀመረው ቀኑ ሲመሽ ሲሆን፣ የመጨረሻው ክፍል የተሮጠው ወታደሮች ችቦ ይዘው በቆሙበት ጎዳና ነው።

ስለ ጫማው ብዙ ተብሏል። እውነቱ ቀላል ነው፤ ሮም ላይ የተገኘው ጫማ ለአበበ እግር አልተስማማውም። በባዶ እግር መሮጥ ለእሱ አዲስ ነገር አልነበረምና አሠልጣኙና ሯጩ ባዶ እግሩን እንዲሮጥ ተስማሙ። ከዓለም ፊት ይህን መወሰን ቀላል አልነበረም። ለትዕይንት ወይም ለመልእክት ብለው አላደረጉትም፤ በቆሰለ እግር 42 ኪሎ ሜትር እንደማይዘለቅ ስለሚያውቁ ነው።

ኒስካነን ሊጠነቀቃቸው የሚገቡትን ተወዳዳሪዎች ቁጥር ለአበበ ነግረውት ነበር። ከእነሱ አንዱ ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ሲሆን ቁጥሩ 26 ነበር። ራዲ ግን በዚያ ምሽት 185 ቁጥር ለብሶ ሮጠ። አበበ ከጎኑ ያለው ሰው ያ የተባለው ሯጭ መሆኑን ሳያውቅ 26 ቁጥርን ወደ ፊት እየፈለገ ብዙ መንገድ አብሮት ሮጠ። የአሠልጣኝ ዕቅድ ውድድሩ ውስጥ ሲገባ እንዲህ ሊፋለስ ይችላል። አበበ ግን ባለበት ፍጥነት ረግቶ ቀጠለ።

ውድድሩ ወደ ማብቂያው ሲደርስ ሁለቱ ሯጮች ፋሺስቶች እ.ኤ.አ. በ1937 ከአገራችን ወስደው ሮም ላይ ወዳቆሙት የአክሱም ሐውልት ቀረቡ። አበበ ከራዲ ተነጥሎ የሄደው በዚያ አካባቢ ነው። በቆንስጣንጢኖስ ቅስት ሥር 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ገባ፤ የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። ራዲ 25 ሰከንድ ቆይቶ ደረሰ። ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራም ሰባተኛ ወጣ። ሁለት ሯጭ ይዞ ሄዶ አንዱ አንደኛ አንዱ ሰባተኛ መሆኑ ድሉ የአንድ ሰው ዕድል ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል። በማግሥቱ አገር ቤት አዲሱ ዓመት 1953 ገባ።

ከድል በኋላ

ድሉ ከመጣ ገና ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተደረገ። ሙከራውን የመሩት የአበበ አለቆች፣ የክቡር ዘበኛ መኮንኖች ነበሩ። አበበ ለጥቂት ጊዜ ታስሮ ተፈታ። ኒስካነንም ያሠለጠኑት ክፍል ሲበተንና ሲታሰር ያዩበት ጊዜ ነው። ሥልጠናው ግን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1961 አበበ በአቴንስ፣ በኦሳካና በኮሺትሴ ማራቶን አሸነፈ።

በቶኪዮው ኦሊምፒክ ዋዜማ ሌላ ፈተና መጣ። ውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት አበበ ትርፍ አንጀቱ ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ብዙዎች መሮጡንም ተጠራጠሩ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ግን አበበ በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ በሆነ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ። ሁለተኛው እንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ የገባው ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው። እሱ እስኪመጣ አበበ ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ተመልካቹ ያን እንደ ትርኢት አየው፤ አሠልጣኝ ላለው ሯጭ ግን ከሩጫ በኋላ ሰውነትን ማፍታታት የዕለት ተዕለት ልማድ ነው። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

በሜክሲኮ ሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ አበበ በእግር ሕመም ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ አቋረጠ። በዚያው ዕለት ወርቁን ያመጣው በሜልቦርን በማጣሪያ የቀረው ማሞ ወልዴ ነው። 12 ዓመት የጠበቀ ሥልጠና ፍሬው በዚያ ታየ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ ያሳዝናል። በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. አበበ በሸኖ አካባቢ፣ እኛ ወደ ደብረ ብርሃን ስንጓዝ በምናልፍበት መንገድ፣ የመኪና አደጋ ደረሰበትና እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንደቪል ተወሰደ። በዚያም በአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ተካፈለ፤ ቀጥሎም ኖርዌይ ላይ በበረዶ መንሸራተቻ ወንበር ተወዳድሮ አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

ከሜዳው ውጪ

ኒስካነን የሩጫ ሰው ብቻ አልነበሩም። በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም በኃላፊነት አገልግለዋል። በኋለኛው ዘመናቸው ደግሞ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በሚረዳ የጀርመን ድርጅት ውስጥ ሠሩ። ይህ ሥራ ካሜራ የማይከተለው ነው። የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ በአገራችን ከቤተሰቡ ተለይቶ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍና በመንገድ ዳር የሚቀመጥበት ዘመን ነበር። የዓለምን ፈጣን ሯጭ ያሠለጠኑት ሰው መራመድ ከተሳናቸው ሰዎች ጋር መሥራትን መረጡ። ከእሳቸው ሥራዎች ሁሉ ሊበልጥ የሚችለው ይህ ነው ብንል አልተሳሳትንም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 1984 በ73 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ክብሩ የማን ነው?

በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት አነጋገር እንሰማለን። አንዳንድ የውጭ ጽሑፎች አበበን ከምንም አንሥቶ ሰው ያደረገው ፈረንጁ አሠልጣኝ እንደሆነ አድርገው ያቀርባሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ከሱሉልታ የሚሮጠው አበበ ነበር፤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት የሮጠውም እሱ ነው። በእኛ በኩል ደግሞ የአሠልጣኙን ስም ጨርሶ መዝለል ይዘወተራል፤ ዝም ብሎ የተፈጥሮ ስጦታ ነው እንላለን። ይህም ጎጂ ነው። ድሉ በተፈጥሮ ብቻ የመጣ ከሆነ እኛ የምንሠራው ነገር የለምና እጃችንን አጣጥፈን ሌላ አበበ እስኪወለድ መጠበቅ ብቻ ይቀረናል።

እውነቱ በመካከል ያለ ነው። ጉልበቱና ጽናቱ የአበበ፣ መዝገቡና ዕቅዱ የኒስካነን ነበር። አንዱ ያለ ሌላው ሮም ላይ ያ ውጤት ይገኝ ነበር ማለት ያስቸግራል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃው ከእሳቸው በኋላ የሆነው ነው። የአሠልጣኝነቱን ኃላፊነት የተረከበው ኢትዮጵያዊ፣ ሯጭ የነበረው ንጉሤ ሮባ ነው። በሞስኮ ኦሊምፒክ ምሩፅ ይፍጠር በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያገኝ አሠልጣኙ እሱ ነበር። ከንጉሤ ቀጥሎ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ መጣ፤ በሲድኒ ኢትዮጵያ አራት ወርቅ አገኘች። በቆጂ ላይ ደግሞ የአካል ማጎልመሻ መምህሩ ስንታየሁ እሸቱ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው አሠለጠነ። ከበቆጂ የወጣችው ገንዘቤ ዲባባም እዚሁ ስቶክሆልም፣ ግሎበን አዳራሽ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በ3 ሺህ ሜትር የቤት ውስጥ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ብዙ ኢትዮጵያውያን ባንዲራ ይዘው ደስታቸውን ገልጸዋል። ያ ሁሉ ከአንድ ሰው የመጣ አይደለም፤ አንዱ ለአንዱ እያስተላለፈው የመጣ ነው።

ለማኅበራችን የሚሆን ትምህርት

ማኅበራችን በየዓመቱ ሲሰበሰብ ለአካባቢያችን ምን እንላክ የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ብዙ ጊዜ መልሱ ዕቃ ነው፤ ወንበር፣ ኮምፒውተር፣ የስፖርት ልብስ። ይህ መልካም ነው፤ ይቀጥል። ዕቃ ግን የሚጠቀምበት ሰው ከሌለ ቁልፍ ተዘግቶበት ይቀመጣል። ኒስካነን ኢትዮጵያ ሲገቡ ይዘው የመጡት ዕውቀትና ትዕግሥት ነው። ሮም ላይ ጫማ እንኳ አልተስማማም፤ የተለካ ሥልጠና ግን ነበር።

በጃቶ፣ በመንዲዳና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ዛሬም ወደ ትምህርት ቤት ረጅም መንገድ የሚሮጡ ልጆች አሉ። እግራቸው ብርቱ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። የሚያስፈልጋቸው በየትምህርት ቤቱ የሠለጠነ፣ ሰዓት የሚይዝ፣ ውጤታቸውን በደብተር የሚመዘግብ፣ ሲደክሙ ዕረፍት የሚሰጥ መምህር ነው። ለአንድ የአካል ማጎልመሻ መምህር የሥልጠና ወጪ መሸፈን ሜዳሊያ በአንድ ዓመት አያመጣም፤ ከሜልቦርን እስከ ማሞ ወልዴ ወርቅ 12 ዓመት ፈጅቷል። ለዚህ የሚበቃ ትዕግሥት ካለን ሥራው ሊጀመር ይችላል። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችን በዚህ ሐሳብ ላይ አባላት እንዲወያዩበት የመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል በአክብሮት ያሳስባል።

ልጆቻችሁንም አንድ ቅዳሜ ወደ ስታዲዮን ውሰዷቸው። ከአበበ ቢቂላ ታሪክ ጋር የሻለቃ ኦኒ ኒስካነንንም ታሪክ በአማርኛም በስዊድንኛም ንገሯቸው፤ ከሁለቱም አገር የሚወርሱት ነገር እንዳላቸው ይወቁ።

ለሁለቱም ነፍስ ዕረፍትን እንመኛለን።